ነፃነት መጀመሪያ የሚጠፋው የት ነው? ዲስቶፒያን ከደሴ ሆኖ ማንበብ

ደሴ ፒያሳ ሻይ ቤት ቁጭ ብለው፣ ስልካቸው ላይ ፒዲኤፍ ከፍተው ልብ ወለድ የሚያነቡ ወጣቶች አሉ። አንዳንዶቹ ዲስቶፒያ የሚባሉትን፣ ስለ ጨለማ መንግሥታት የተጻፉትን ልብ ወለዶች ይወዳሉ። ከእነሱ ጋር ስንጨዋወት ደጋግሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «ይሄ ሁሉ እኮ ስለ ካሜራና ስለ ማሽን ነው። እኛ ጋ መብራቱም በወጉ አይቆይም። ምን አገናኘን?»

ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴን በአጭሩ ልናገርና ከዚያ ላብራራው። እነዚህ መጻሕፍት ስለ ማሽን አይደሉም። ስለ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ተቀምጠው ያለ ፍርሃት የልባቸውን መጫወት ሲያቅታቸው ምን እንደሚመጣ ነው የሚተርኩት። ካሜራው፣ አጥሩ፣ ወታደሩ ሁሉ የሚሠሩት ይህን ጨዋታ ለማፍረስ ነው። ነፃነት መጀመሪያ የሚጠፋው እስር ቤት ውስጥ አይደለም፤ በሰውና በሰው መካከል ነው። ወሎ ያደገ ሰው ደግሞ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

መጀመሪያ ስለ አመጣጡ ትንሽ ልበል። እንግሊዛዊው ቶማስ ሞር እ.ኤ.አ. በ1516 ዩቶፒያ ስለምትባል አንዲት ምናባዊ ደሴት ጻፈ። ሁሉ ነገር የተደራጀባት፣ ድህነት የሌለባት አገር ናት። ዲስቶፒያ የዚህ ግልባጭ ነው። ግን ግልባጭ ሲባል ክፉ ሰዎች የሚገዙት አገር ማለት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአብዛኞቹ መጻሕፍት ገዢዎች የሚያልሙት ጥሩ ነገር ነው። ረሃብ እንዳይኖር፣ ጦርነት እንዳይኖር፣ ማንም እንዳያለቅስ። ችግሩ የሚጀምረው ሰው ለዕቅዱ አልመች ሲል ነው። ያን ጊዜ ዕቅዱን ማስተካከል ይቀርና ሰውን ማስተካከል ይመጣል።

ይህ ለእኛ የመጽሐፍ ወሬ ብቻ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደርግ በሰፈራ ፕሮግራም ከ500,000 በላይ ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ የአገሪቱ ክፍል አጓጓዘ። ትልቁ ቁጥር ከወሎ የሄደ ነው። ወረቀቱ ላይ ያምራል። ዝናብ ያለበት ለም መሬት፣ ድርቅ የማያውቀው አገር። ብዙ ሰው ግን ሳይወድ ነው የተጫነው። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ የተለያዩበት ቤት ብዙ ነው። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች በረሃብ የሚያልቅ ሕዝብ ማዳን እንፈልጋለን ብለው ነው የተነሱት። ዲስቶፒያ የሚያሳየን ይህችን መታጠፊያ ነው። «ላድንህ» የሚለው ቃል የት ቦታ ላይ «ፈቃድህን አልጠይቅም» ወደሚል ይዞራል?

አሁን ወደ መጻሕፍቱ እንግባ። የዚህ ዘር ትልቅ መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው ሩሲያዊው ዬቭጌኒ ዛምያቲን በ1920 እና በ1921 የጻፈው «እኛ» የተባለ ልብ ወለድ ነው። (ስለ ውጭ መጻሕፍት ስናገር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዛምያቲን የመርከብ መሐንዲስ ነበር። መጽሐፉ በ1924 ኒውዮርክ ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ። በገዛ አገሩ የታተመው ግን በ1988 ነው። ደራሲው ያን ጊዜ ፓሪስ ላይ በስደት ከሞተ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

በዛምያቲን አገር ሰው ስም የለውም፤ ቁጥር ነው። ተራኪው ዲ-503 ይባላል። ቤቶቹ ከመስተዋት የተሠሩ ናቸው። ሁሉም በአንድ ሰዓት ይነሳል፣ በአንድ ሰዓት ማንኪያውን ያነሳል። አንዱ ጉርሻ ሃምሳ ጊዜ ይታኘካል። መጋረጃ ማውረድ የሚቻለው በተፈቀደ ሰዓት፣ ወረቀት ተይዞ ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የሚሠራ ሰው ሰዓት ሰውን ሲያዝ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ግን ፈረቃው ሲያልቅ በሩን ዘግቶ ከቤተሰቡ ጋር ይቀመጣል። በዛምያቲን አገር ፈረቃው አያልቅም።

ዲ-503 አንዲት ሴት ይወዳል። ከዚያ ሕልም ማየት ይጀምራል። ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የተነገረው በሽታ ነፍስ ማብቀሉ ነው። መንግሥት መድኃኒት አለው። ከአእምሮ ውስጥ ምናብን የሚያጠፋ ሕክምና ነው። መጨረሻ ላይ ዲ-503 ታክሞ፣ ያፈቀራት ሴት ስትሰቃይ ከገዢው አጠገብ ተቀምጦ ያያል። ምንም አይሰማውም። አልተገረፈም። ጤነኛ ነው። በመካከላቸው የነበረው ነገር ብቻ ነው የተወሰደው። በእኔ አስተያየት የዚህ ዘር ልብ ወለድ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ትዕይንት ውስጥ አለ።

ጆርጅ ኦርዌል በ1949 ያሳተመው «1984» ይህንኑ መንገድ ይበልጥ ወደ ቤት ውስጥ ያስገባዋል። ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ የሚያነሳው ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን፣ የሚያይና የሚሰማ ቴሌቪዥን ነው። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ፓርሰንስ የሚባለው ጎረቤት ነው። ፓርሰንስ ለፓርቲው የሚያጨበጭብ የዋህ ሰው ነው። ማታ ተኝቶ ሲያንቀላፋ መሪውን የሚቃወም ቃል ከአፉ ያመልጠዋል። የሰባት ዓመት ልጁ በቁልፍ ቀዳዳ ሰምታ ታሳብቅበታለች። እስር ቤት ሲገባ አባትየው አይናደድም። በልጁ እንደሚኮራ ይናገራል።

እዚህ አገር በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ አይገረምም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል የሰፈር ቃል ነበር። ልጅ ፊት አይወራም ነበር። ቡና ተፈልቶ አቦሉ ሲቀዳ፣ ማን እንደገባ ታይቶ ወሬ ይቀየር ነበር። ወሎ ውስጥ ቡና ማለት ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ጎረቤት ተጠራርቶ፣ ችግሩን አውርቶ፣ ተመራርቆ የሚለያይበት ቦታ ነው። ማንም አይመራውም። አጀንዳ የለውም። ቃለ ጉባኤ አይያዝበትም። ዲስቶፒያ ውስጥ ያለ መንግሥት ከታንክ ይልቅ የሚፈራው እንዲህ ያለውን ስብሰባ ነው። ስለዚህ አይከለክለውም፤ አንድ ጆሮ ያስገባበታል። ከዚያ በኋላ ቡናው ይፈላል፣ ጎረቤትም ይመጣል። ጨዋታው ግን የለም።

የ«1984» ባለታሪኮች ዊንስተንና ጁልያም የሚፈልጉት ይህን ነው። ከአንድ አሮጌ ዕቃ ሱቅ በላይ ክፍል ይከራያሉ። ቴሌቪዥኑ የሌለበት ክፍል ነው ብለው አምነው ነው። አንድ አልጋ፣ እውነተኛ ቡና፣ የልብ ጨዋታ። አብዮት አላካሄዱም ማለት ይቻላል። በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ ከሥዕል ጀርባ ተደብቆ እንደነበር፣ አከራያቸውም ሰላይ እንደሆነ ይታወቃል። ሲያዙ፣ መርማሪው እንዲናዘዙ ብቻ አይደለም የሚፈልገው። ዊንስተን ከሁሉ በላይ በሚፈራው ነገር፣ በአይጥ፣ ተይዞ «በእኔ ፈንታ በጁልያ ላይ አድርጉት» ብሎ እስኪጮህ ድረስ ነው የሚሄዱት። ከዚያ በኋላ ይለቁታል። ሁለቱ ፓርክ ውስጥ ተገናኝተው መካካዳቸውን እርስ በርስ ይነጋገራሉ። እንደ ገና መዋደድ አይችሉም። ማንም አልከለከላቸውም እኮ!

ብዙ አንባቢ በዚህ ይቆጣና መጽሐፉን ያስቀምጣል። ግን አንድ ቦታ አለች፤ እባካችሁ እሷን አትዝለሉ። ዊንስተን ልጅነቱን ያስታውሳል። ረሃብ ነበር። የታመመችውን ታናሽ እህቱን ድርሻ ቸኮሌት ነጥቆ ይሮጣል። እናቱ ልጅቷን በክንዷ አቅፋ ወደ ደረቷ ታስጠጋታለች። እቅፉ ቸኮሌት አያመጣም። ሕፃኗንም ከሞት አያድናትም። ዊንስተን ካደገ በኋላ የሚረዳው ግን፣ ፓርቲው የሠራው ትልቁ ግፍ እንዲህ ያለ እቅፍ ዋጋ የለውም ብሎ ሰውን ማሳመኑ መሆኑን ነው። ጥቅም የሌለው ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ለማዘዝ ይመቻል። ወሎ ውስጥ ስለ ክፉው ዘመን ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማ ሰው እንዲህ ያለ እቅፍ ብዙ ሰምቷል። ያለቻትን ጥሬ ለልጇ ሰጥታ እሷ የቀረች እናት ታሪክ የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም።

ሁለተኛው የሚወሰድ ነገር ትዝታ ነው። የዊንስተን ሥራ የድሮ ጋዜጣ ማረም ነው። መንግሥት ትናንት የተናገረው ዛሬ ሐሰት ከሆነ፣ የትናንቱ ጋዜጣ ተለውጦ ይታተማል፤ አሮጌው በቀዳዳ ተወርውሮ ይቃጠላል። ሰው በአእምሮው የሚያስታውሰውን የሚያረጋግጥበት ወረቀት ከሌለው፣ ቀስ በቀስ ራሱን መጠራጠር ይጀምራል።

የእኛን ታሪክ ከዚህ አጠገብ አስቀምጡት። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ የንጉሡ መንግሥት ነገሩ እንዳይሰማ ሸፈነው። ዓለም በሰፊው ያወቀው የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ብሪታንያ ውስጥ በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ደርግ ደግሞ በ1967 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዕለት፣ ንጉሡን ከማውረዱ አንድ ቀን በፊት፣ ያንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀላቀለ ለሕዝብ አሳየ። የተደበቀው እውነት ወጣ ማለት ነው። ግን አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ያው ደርግ አሥረኛ ዓመቱን በታላቅ ድምቀት ሲያከብር ወሎ እንደገና ተርቦ ነበር። ኮረምና ባቲ በሰው ተሞልተው ነበር። በዓሉ እንዳይበላሽ ወሬው እንደገና ታፈነ።

አንድ ሕዝብ፣ ሁለት መንግሥት፣ አንድ ዓይነት ዝምታ። ሁለተኛው መንግሥት የመጀመሪያውን የጣለው «ደበቀ» ብሎ ነበር። ኦርዌል ይህን ሳያይ ነው የሞተው። መጽሐፉ ግን አሠራሩን በደንብ ይገልጸዋል። ሥልጣን ትዝታን የሚጠላው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ ትዝታው የራሱን ነገ ስለሚከሰው ነው። የተራበ ሰው ደግሞ እዚህ ላይ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። አንዴ በረሃቡ፣ አንዴ «እንዲህ ያለ ነገር የለም» በመባሉ። ሰው የመሆን ክብር የሚነካው በሁለተኛው ነው እላለሁ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በፍርሃት ስለሚገዛ አገር ነው። በደስታ የሚገዛም አለ። አልደስ ሃክስሊ በ1932 ባሳተመው «ብሬቭ ኒው ወርልድ» ውስጥ ሰው የሚወለደው ከማሕፀን ሳይሆን ከጠርሙስ ነው። ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንታዎች ይሠራሉ። ሕፃናት ተኝተው ሳለ ትምህርት በጆሯቸው ይነገራቸዋል፤ የተፈጠሩበትን መደብ እንዲወዱ። «እናት» የሚለው ቃል የሚያሳፍር ስድብ ሆኗል። የከፋው ሰው ሶማ የሚባል ክኒን ይውጣል። ረሃብ የለም፣ ጦርነት የለም፣ ማንም አይገረፍም። ከውጭ የመጣው ጆን የሚባል ወጣት ይህን ሁሉ አልፈልግም ይላል። መሰቃየትም ቢሆን ይሻለኛል ባይ ነው።

እዚህ ላይ ከመጽሐፉ ጋር ትንሽ እከራከራለሁ። ረሃብ ያየ አገር ልጅ «የመራብ መብቴን ስጡኝ» ሲባል ቶሎ አያጨበጭብም። ማጨብጨብም የለበትም። ጥጋብና ነፃነት አንዱ ካለ ሌላው የለም የሚል ሐሳብ ራሱ የገዢዎች ሐሳብ ነው። ደስ የሚለው ሃክስሊ ራሱ ይህን አስተውሎታል። በ1946 በጻፈው መቅድም፣ ለጆን ሁለት ምርጫ ብቻ መስጠቴ ጉድለት ነበር፣ ሦስተኛ መንገድ ማሳየት ነበረብኝ ብሏል። ስለዚህ መጽሐፉን ስታነቡ «ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» የሚለው ላይ አትቁሙ። በዚያ አገር ሰው ለሰው የማያዝነው ለምንድን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ሐዘን በክኒን ከተወሰደ ለቅሶ ቤት የሚሄድ አይኖርም። ለቅሶ ቤት ከሌለ ደግሞ የሞተው ሰው ማንም አልነበረም ማለት ነው።

ሬይ ብራድበሪ በ1953 ያሳተመው «ፋራናይት 451» በዚሁ መንገድ ይሄዳል። እሳት አደጋ ሠራተኞች መጽሐፍ የሚያቃጥሉበት አገር ነው። ብዙ ሰው መንግሥት ስላዘዘ ይመስለዋል። የጣቢያው አለቃ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። መጀመሪያ ማንበብ ያቆመው ሕዝቡ ራሱ ነው፤ ክልከላው የመጣው በኋላ ነው። የባለታሪኩ ሚስት ሚልድሬድ ቀኑን ሙሉ ጆሮ ማዳመጫ ሰክታ፣ ግድግዳ በሚያክል ቴሌቪዥን ውስጥ ካሉ ሰዎች ጋር ትውላለች። አንድ ሌሊት ባልየው «መጀመሪያ የተገናኘነው የት ነበር?» ብሎ ይጠይቃታል። አታስታውስም። እሱም አያስታውስም። የመጽሐፉ አስፈሪ እሳት ይህ ነው።

ለዛሬው ወጣት ከኦርዌል ይልቅ የብራድበሪው አደጋ ይቀርባል ብዬ አስባለሁ። አምስት ሰው ከብቦ ቡና እየጠጣ አምስቱም ስልኩ ላይ ካጎነበሰ፣ ጆሮ ጠቢ መላክ አያስፈልግም።

ማርጋሬት አትዉድ በ1985 ያሳተመችው «ዘ ሃንድሜይድስ ቴል» ላይ ረጅም አልቆይም፤ በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። ደራሲዋ በታሪክ ውስጥ የሆነ ቦታ ያልተደረገ ነገር መጽሐፉ ውስጥ አላስገባሁም ብላለች። የሴቶች የባንክ ሒሳብ በአንድ ቀን ይታገዳል፣ ከሥራም ይባረራሉ። ማታ የተራኪዋ ባል «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» ይላታል። እሷ ግን ነገሩ እሱን ያን ያህል እንዳልከፋው ታስተውላለች። ከዚያች ምሽት ጀምሮ እኩል አይደሉም። ሕጉ ገና ወደ መኝታ ቤታቸው ሳይደርስ ሥራውን ሠርቶ ጨርሷል።

በ2005 የታተመው የካዙኦ ኢሺጉሮ «ኔቨር ሌት ሚ ጎ» ደግሞ ጥያቄውን ገልብጦ ያመጣዋል። እዚያ አዳሪ ትምህርት ቤት የሚያድጉት ልጆች ከሌላ ሰው የተቀዱ ናቸው። ሲያድጉ ኩላሊታቸውን፣ ሌላም የሰውነት ክፍላቸውን እየሰጡ ይሞታሉ። ያውቁታል። አያምፁም፣ አያመልጡም። መጽሐፉን ያነበቡ ወጣቶች «ለምን አይሮጡም?» እያሉ ይናደዳሉ። ወዴት ይሩጡ? ከዚያ ውጭ የሆነ ሕይወት እንዳለ አድርጎ ያሳደጋቸው ሰው የለም። አሳዳጊዎቻቸው ደግሞ ልጆቹ የሚሥሉትን ሥዕል ይሰበስባሉ። ነፍስ እንዳላቸው ለማስረዳት ነው። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ልጅ አጠገባችሁ ቆሞ እያለ ነፍስ አለው ወይ ብሎ ማስረጃ መሰብሰብ ምን የሚሉት ነው? ሰው መሆን የጠፋው ከልጆቹ አይደለም። በልጆቹ ኩላሊት የሚድኑትና ላለማየት ፊታቸውን ያዞሩት ናቸው ሰው መሆን ያቃታቸው።

የራሳችን ደራሲዎችም እዚህ መንደር ውስጥ አሉ። አቤ ጉበኛ በ1955 ዓ.ም. «አልወለድም» ብሎ ጻፈ፤ የዓለምን ግፍ አይቶ ከእናቱ ሆድ አልወጣም ብሎ የሚከራከር ጽንስ ታሪክ ነው። በንጉሡ ዘመን ታገደ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን አሳተመ። መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። «ኦሮማይ» የወደፊት ዘመን ልብ ወለድ አይደለም። የዘመኑ ታሪክ ነው። ግን ሰዎች ለዓላማ ሲባል የልባቸውን ለቅርብ ሰው እንኳ መናገር ሲያቅታቸው ምን እንደሚሆኑ ከእሱ የተሻለ ያሳየን የለም።

አንድ ጥያቄ ቀርቷል። እነዚህ መጻሕፍት ሁሉ በሽንፈት ነው የሚያልቁት? አይደለም። የመጨረሻውን ገጽ ብቻ አይታችሁ አትዝጉ። ከ«1984» ታሪክ በኋላ ስለ ፓርቲው ቋንቋ የሚያብራራ ተጨማሪ ጽሑፍ አለ። የተጻፈው «ነበር» እየተባለ፣ ባለፈ ጊዜ ነው። ብዙ አንባቢዎች ያ መንግሥት ወድቋል ማለት ነው ብለው ይረዱታል። በ«ፋራናይት 451» መጨረሻ ሰዎች ከከተማ ወጥተው፣ እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ በቃላቸው ይዘው ይዞራሉ። ቁርአን ቤት የቀራ፣ ወይም የቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገመ የወሎ ልጅ ይህ እንደሚቻል ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። በአትዉድ መጽሐፍ ደግሞ የሴትየዋ ታሪክ ካሴት ላይ ተቀድቶ ተገኝቶ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ምሁራን በጉባኤ ይወያዩበታል። አገዛዙ ጠፍቷል። አቅራቢው ፕሮፌሰር ግን ቀልድ እያወራ፣ ከእሷ ይልቅ በቤቱ ያገለገለችው አዛዥ ማን እንደነበር ለማወቅ ይጨነቃል። አትዉድ ያንን ያስገባችው በከንቱ አይመስለኝም።

ከየት ልጀምር ለሚለኝ፦ እንግሊዝኛው እንዳይከብዳችሁ ከኢሺጉሮ ጀምሩ። ቋንቋው ቀላል ነው። ቀጥሎ ብራድበሪን አንብቡ፤ አጭር ነው። «1984»ን ከጓደኛ ጋር እየተወያያችሁ አንብቡት፤ ብቻ ለብቻ ይከብዳል። ዛምያቲን መጨረሻ ላይ ይቆይ፣ አጻጻፉ ይጠምማል። በምታነቡበት ጊዜ በየምዕራፉ «እዚህ አገር ማን ከማን ጋር ብቻውን ማውራት ይችላል?» እያላችሁ ማስታወሻ ያዙ። «ኦሮማይ»ን ያላነበበ ሰው ካለ ግን ይህን ሁሉ ትቶ መጀመሪያ እሱን ያንብብ።